በኒው ጀርሲው የጥድ ጫካ በብስክሌት፦ ስለ ፓይን ባረንስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊላደልፊያና ኒው ጀርሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት የገዛችሁ ሰዎች ስለዚህ ጫካ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱን በየስልኩ ከምበትነው እዚህ ሰብሰብ ላድርገው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጫካው ሰፊ ነው፣ አስፋልቱ ጥቂት ነው። ከታች ያለው መልስ አብዛኛው ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ቦታው በትክክል የት ነው?

ደቡብ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ በፊላደልፊያና በአትላንቲክ ዳርቻ መካከል። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1978 የፓይንላንድስ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ብሎ ከልሎታል። ስፋቱ 1.1 ሚሊዮን ኤከር ነው፤ ወደ 445 ሺህ ሄክታር መሆኑ ነው። ከግዛቲቱ መሬት ከአምስት እጅ አንዱን ይበልጣል። ኒው ጀርሲ በአሜሪካ ሕዝብ በጣም ተጠጋግቶ የሚኖርባት ግዛት ናት፤ እዚህ ግን ግራ ቀኙ ጥድ ብቻ የሆነ መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት መንዳት ይቻላል። ሁሉም መሬት የመንግሥት አይደለም። በውስጡ መንደሮች፣ እርሻዎችና የግል ይዞታዎች አሉ።

ሜዳ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን ያደክማል?

ሜዳነቱ እውነት ነው። ከጫካው ከፍ ካሉት ቦታዎች አንዱ አፕል ፓይ ሂል የሚባለው ጉብታ ነው። ከባሕር ጠለል ከፍታው 60 ሜትር አለፍ ቢል ነው። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ተራራ ብሎ አይጠራውም።

የሚያደክመው ግን ሜዳነቱ ራሱ ነው። ቁልቁለት ስለሌለ እግር የሚያርፍበት ጊዜ የለም፤ ፔዳል መርገጥ ካቆማችሁ ብስክሌቱም ይቆማል። መንገዱ ለብዙ ማይል ቀጥ ስለሚል የመቀመጫ አኳኋናችሁ አይለወጥም። ወገብና መዳፍ ከእግር ቀድመው ያማርራሉ። እኔ በየአሥር ደቂቃው ከኮርቻው ብድግ እላለሁ፣ እጄን መሪው ላይ ቦታ እለዋውጣለሁ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን 40 ማይል የሚያስጨርሰው እሱ ነው።

ንፋሱም አለ። በሞቃት ወራት ከሰዓት በኋላ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል። ጥዱ ይከልላችኋል፤ ክራንቤሪ እርሻ ጋ ስትደርሱ ግን ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ፊት ለፊት ይመታችኋል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሂዱ፣ ከሰዓት ንፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ተመለሱ።

ስልኬ መንገድ አለ ይለኛል፤ ስደርስ አሸዋ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው የለም። ጫካው ውስጥ በድሮ ዘመን በፈረስ ጋሪ የተመላለሱባቸው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አሁንም የሚጠቀሙባቸው መንገዶች ሞልተዋል። ስም አላቸው። ካርታ ላይ አሉ። አንዳንዶቹ ታፔላ ሳይቀር አላቸው። አስፋልት ግን የላቸውም። ካርታው የሚያውቀው ርቀቱን ብቻ ስለሆነ አጭር ሆኖ ያገኘውን ይሰጣችኋል።

ጥሩ ምሳሌ ኩዌከር ብሪጅ የሚባለው መንገድ ነው። ከአትሲዮን መንደር ባትስቶ ወደምትባለው የድሮ የብረት ማቅለጫ መንደር ለመሄድ ካርታው ላይ ስታዩት ቀጥ ያለ አቋራጭ ነው። መሬት ላይ ስትወርዱ ግን እንደ ስኳር የደቀቀ ነጭ አሸዋ ነው። የአካባቢው ሰዎችም ስኳር አሸዋ ይሉታል። ቀጭን ጎማ ሲገባበት የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የፊቱ ጎማ ድንገት ይሰምጣል፣ መሪው ይጠመዘዛል፣ ጫማችሁን ከፔዳሉ ሳታላቅቁ በጎናችሁ ትወድቃላችሁ። አሸዋው ልስልስ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ግን ብስክሌቱን ተሸክሞ መሄድ ነው፤ ካቴናው ውስጥ የገባው አሸዋም ቤት እስክትደርሱ ይንኳኳል።

መፍትሔው ቁጥር መከተል ነው። በ500 እና በ600 የሚጀምሩት የካውንቲ መንገዶች፣ ማለትም 532፣ 542፣ 563፣ 679 እና የመሳሰሉት፣ አስፋልት ናቸው። ስም ብቻ ያለው፣ ቁጥር የሌለው መንገድ ካጋጠማችሁ በሳተላይት ምስል እዩት። ነጭ መስመር ከሆነ አሸዋ ነው፣ ግራጫ ከሆነ አስፋልት። ቤት ሆናችሁ አይታችሁ ውጡ፤ ጫካው መሀል ኔትወርክ ይቆራረጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የቱን ልምረጥ? መኪና የለኝም።

መኪና የሌለው ሰው እንዲያውም ዕድለኛ ነው። ከፊላደልፊያ 30ኛው ጎዳና ጣቢያ ተነስቶ ወደ አትላንቲክ ሲቲ የሚሄደው የኒው ጀርሲ ትራንዚት ባቡር ሃሞንተን ላይ ይቆማል። ቀጣዩ ጣቢያ ኤግ ሃርበር ሲቲ ነው። በአንዱ ወርዶ በሌላው መሳፈር ይቻላል።

ሃሞንተን ወርዳችሁ 30 ቁጥርን፣ ዋይት ሆርስ ፓይክ የሚባለውን፣ ትሻገራላችሁ። እሱ መኪና ይበዛበታልና በመብራት ተሻገሩ። ከዚያ 542ን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ነው። መጀመሪያ የብሉቤሪ እርሻ ታያላችሁ፣ ቀስ በቀስ ጫካው ይቀርባል፣ 8 ማይል ገደማ ላይ ባትስቶ ትደርሳላችሁ። እዚያ አረፍ በሉ፤ መጸዳጃም ውሃም አለ። ከባትስቶ በ542 ቀጥላችሁ ግሪን ባንክ፣ ከግሪን ባንክ በ563 ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ደቡብ ኤግ ሃርበር ሲቲ። ጠቅላላው 20 ማይል ያህል ነው፤ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ባቡሩ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ፣ የብስክሌት ደንቡንም የዚያን ቀን አረጋግጡ። አንድ ባቡር ካመለጠ ጣቢያው ላይ ብዙ መጠበቅ አለ።

ረዘም ያለውስ?

ከባትስቶ ተነሱ። መኪና ይዛችሁ ከሆነ እዚያ ማቆሚያ አለ። በ542 ግሪን ባንክ፣ ከዚያ 563ን ወደ ሰሜን። ጄንኪንስ አካባቢ 679 በቀኝ በኩል ይገነጠላል። በእሱ ስትታጠፉ ሃሪስቪል የሚባል የፈረሰ መንደር ታገኛላችሁ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወረቀት ፋብሪካ ነበረበት። አሁን በአጥር የተከለሉ ግድግዳዎች ናቸው የቀሩት። ከዚያ እስከ ኒው ግሬትና ወርዳችሁ፣ 9 ቁጥርን ትንሽ ነካ አድርጋችሁ፣ በ542 ወደ ባትስቶ መመለስ። ወደ 40 ማይል ይጠጋል።

ጉልበት ካላችሁ 679 ላይ ሳትታጠፉ 563ን እስከ ቻትስዎርዝ ሄዳችሁ፣ በዚያው ተመልሳችሁ 679ን ያዙ። ያኔ 60 ማይል ገደማ ይሆናል። ቻትስዎርዝ ትንሽ መንደር ናት፤ ሆኖም የፓይን ባረንስ ዋና ከተማ እያሉ ይጠሯታል። በእኔ ግምት ከጫካው ሁሉ ደስ የሚለው መንገድ ከጄንኪንስ እስከ ቻትስዎርዝ ያለው ነው። ግራና ቀኙ አንዴ ጥድ፣ አንዴ ክራንቤሪ እርሻ፣ አንዴ ጥቁር ውሃ ነው።

አጭርና ጸጥ ያለ የፈለገ ደግሞ ከታበርናክል የካራንዛን መንገድ ይያዝ። 7 ማይል ገደማ ሄዶ ጫካ መሀል አንድ የድንጋይ ሐውልት አለ። ኤሚሊዮ ካራንዛ የሚባል ወጣት የሜክሲኮ አብራሪ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1928 ከኒው ዮርክ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ሲመለስ በነጎድጓዳማ ማዕበል ወድቆ የሞተው እዚህ ነው። ሐውልቱ የቆመው የሜክሲኮ ተማሪዎች ባዋጡት ሳንቲም ነው። ከሐውልቱ አልፎ አስፋልቱ ስለሚያልቅ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ምን ዓይነት ብስክሌትና ጎማ ይሻላል?

አስፋልቱን ብቻ የምትነዱ ከሆነ ተራው የመንገድ ብስክሌት 28 ሚሊሜትር ጎማ ካለው በቂ ነው። ሰፋ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አሸዋ መታጠፊያዎች ላይ ተበትኖ ስለሚገኝ ያንሸራትታል። መታጠፊያ ላይ ፍሬን ከመያዝ ቀደም ብሎ መቀዝቀዝ ይሻላል። «ሰፊ ጎማ ካለኝ አሸዋውን አልፈዋለሁ» የሚሉ አሉ። ጠንከር ያለውን ያልፋል፣ ደረቁን ስኳር አሸዋ ግን እጅግ ወፍራም ጎማ ካልሆነ አይችለውም።

ሁለት ካላማዳሪያ፣ ጎማ መንፊያና የካቴና መፍቻ ሳትይዙ እንዳትወጡ። ብስክሌት ቤት በቅርብ የለም፤ ጎማ ያዘኝ ብሎ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና መጠበቅ እዚህ ረጅም ጥበቃ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ የምትነዱበትን መንገድ ቁጥሩን ሳይቀር ለአንድ ሰው ንገሩ።

ምን ልብላ? ምን ልጠጣ? በጾምስ?

ሁለት ኮዳ ውሃ ትንሹ ነው። ከግሪን ባንክ እስከ ቻትስዎርዝ ባለው መንገድ ሱቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኑ። የጅረቱን ውሃ ሳታጣሩ አትጠጡ።

ስለ ምግብ ብዙዎች በሱቅ የሚሸጠውን ጄል ይጠይቁኛል። እኔ የምለው በሶ ነው። በወንፊት የተነፋ ጥሩ በሶ፣ ማር ወይም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ ውሃ፤ በኮዳው ናጥ ናጥ አድርጎ መጠጣት። አንድ ችግር አለው፦ ከወፈረ የኮዳውን አፍ ይደፍነዋል፣ ስትጨምቁት ክዳኑ ተስፈንጥሮ ልብሳችሁ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ቀጠን አድርጉት፣ ክዳኑ ሰፋ ያለ ኮዳ ምረጡ። ቴምርም ጥሩ ነው። ቆሎ ግን ቁጭ ብላችሁ ስትሆኑ ብቻ፤ እያለከለኩ ቆሎ መቆርጠም ትንታ መጥራት ነው።

በሶ የጾም ስለሆነ ችግር የለውም፤ ጭኮ ለሚወድ በዘይት የተሠራውን ይያዝ። ፍልሰታ ግን ነሐሴ መሀል ላይ ነው፤ የዚህ አገር ሙቀት የሚበረታበት ሰሞን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውሃም የማይቀምስ ሰው በዚያ ሙቀት ረጅም መንገድ ባይወጣ እመርጣለሁ። ከቀመሱ በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ አጭሩን መንዳት ይቻላል።

ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ሃሞንተን መንገድ ዳር ብሉቤሪ ይሸጣል። ሃሞንተን ራሷን የዓለም የብሉቤሪ መዲና ትላለች። ትንሽ ጉራ አለበት፤ ግን እርባታው የተጀመረው በእርግጥ እዚሁ ጫካ ውስጥ ነው። ኋይትስቦግ በሚባል እርሻ ኤልዛቤት ኋይት የተባለች ሴትና ፍሬድሪክ ኮቪል የተባለ የእጽዋት ሊቅ ከዱር ያመጡትን ተክል አላምደው፣ እ.ኤ.አ. በ1916 የመጀመሪያውን ምርት ለገበያ አቀረቡ።

የጅረቱ ውሃ ለምን ቀይ ሻይ መሰለ? ተበክሎ ነው?

አይደለም። ረግረጉ ውስጥ ያሉት ዛፎችና ቅጠላቸው ቀለም ይለቁበታል፤ መሬቱ ውስጥ ያለው ብረትም ይጨመርበታል። ከድልድይ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ጥቁር ነው፤ በእጃችሁ ስትዘግኑት ደግሞ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል።

ይህ ብረት ተራ ነገር አይደለም፤ ባትስቶ የተመሠረተችው በእሱ ነው። ውሃው ከአሸዋው ያጠበውን ብረት ረግረጉ ዳር ያስቀምጠዋል፣ አየር ሲያገኘው ይጠጥራል። እሱን እየቆፈሩ በጥድ ከሰል ያቀልጡት ነበር። ማቅለጫው የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው፤ አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ጋር ለነጻነት ሲዋጉ ለሠራዊታቸው የብረት ዕቃ ያቀርብ ነበር። በኋላ ጆሴፍ ዋርተን የሚባል የፊላደልፊያ ባለ ሀብት አካባቢውን ገዝቶ ውሃውን ወደ ፊላደልፊያ ሊወስድ አስቦ ነበር፤ የኒው ጀርሲ ሕግ ከለከለው። ጫካው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

መቼ ልሂድ?

ጥቅምት። ሌላ መልስ የለኝም። ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ነፍሳቱ ይቀንሳሉ፣ ክራንቤሪውም የሚሰበሰበው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው (ወራቱን በፈረንጅ ቁጠሩት)። እርሻውን በውሃ ያጥለቀልቁትና ፍሬውን ከቅጠሉ ያራግፉታል፤ ፍሬው ውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል። ከመንገዱ ሆናችሁ አንድ ማሳ ሙሉ ቀይ ሆኖ ታያላችሁ። እርሻው የግል ስለሆነ ከአስፋልቱ ሳትወጡ ተመልከቱ።

ሚያዝያና ግንቦትም ደህና ናቸው። ሐምሌ ላይ ወደ ባሕሩ ጠጋ ባሉት ቦታዎች ጭንቅላቱ አረንጓዴ የሆነ ዝንብ አለ፤ በስስ ልብስ ላይ ሆኖ ይነክሳል። በታኅሣሥ መጀመሪያ የአጋዘን አደን አለ፤ ያኔ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ልበሱ።

መዥገሩ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ላይም የሚባል በሽታም ያስተላልፋል። አስፋልት ላይ እያላችሁ አያገኛችሁም። የሚይዛችሁ ስትቆሙ ነው፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገቡ፣ ብስክሌቱን ሣር ላይ አስተኝታችሁ አጠገቡ ስትቀመጡ። ካልሲያችሁንና ጫማችሁን ፐርሜትሪን በሚባለው የመዥገር መከላከያ አስቀድማችሁ ርጩ። ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽትና የፀጉር ሥር ፈትሹ። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ። በክብሪት ማቃጠል፣ ቫዝሊን መቀባት የሚባለውን ተዉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቆዳችሁ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ወይም ትኩሳት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እባብም አለ፤ በሞቃት ቀን አስፋልት ላይ ተጋድሞ ይሞቃል። ጅራቱን የሚያንኳኳው መርዛማ ዓይነት ጫካው ውስጥ ይኖራል። ዞር ብላችሁ እለፉ።

መኪናው አያስፈራም? ሕጉስ ምን ይላል?

በ542 እና በ679 ላይ መኪናው ጥቂት ነው። 563 ትንሽ ይበዛበታል። 206፣ 72 እና 539 ላይ ግን መኪናው በፍጥነት ይበርራል፤ እነሱን ብትተዉ ይሻላል። በሞቃቱ ወራት ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ከተሜው ሁሉ ወደ ባሕር ስለሚጎርፍ ባሕር የሚያደርሱት መንገዶች ይጨናነቃሉ። እሑድ ማለዳ ምርጥ ነው፤ ቅዳሴ ያለበት ሰው ቅዳሜ ጠዋት በ542 ይሞክር።

ሕጉ ብስክሌተኛን እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ ነው የሚያየው። ቀኝ ይዞ መንዳት፣ ቀይ መብራት ላይ መቆም። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ አሽከርካሪ ሲያልፋችሁ በተቻለ መጠን ሌይን መቀየር፣ ካልቻለ ቢያንስ 4 ጫማ መራቅ አለበት። ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት ግዴታው ነው። ለአዋቂ ግዴታ አይደለም፤ ያም ሆኖ ያለ ሄልሜት ከእኔ ጋር የሚወጣ ሰው የለም። ደወልም ያስፈልጋል፤ ማታ ደግሞ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት።

እሳት ቢነሳስ?

ይህ ጫካ ከእሳት ጋር የሚኖር ነው። ጥዱ ወፍራም ቅርፊት አለው፣ ከተቃጠለም በኋላ ከግንዱ መልሶ ያቆጠቁጣል። አንዳንዱ ዛፍ ፍሬውን የሚከፍተው ሙቀት ሲያገኘው ነው። ግንዱ ጥቁር፣ ቅርንጫፉ ለምለም የሆነ ዛፍ ስታዩ ነገሩ ይህ ነው።

ለብስክሌተኛ ግን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በኦሽን ካውንቲ የተነሳው እሳት ከ15 ሺህ ኤከር በላይ በልቶ ትልቁን የጋርደን ስቴት ፓርክዌይን አዘግቷል። አደገኛው ወቅት ጸደይ ነው፤ ደረቅና ነፋሻ ቀን። ከመውጣታችሁ በፊት የግዛቲቱን የደን እሳት አገልግሎት ማስጠንቀቂያ እዩ። ጭስ ካያችሁ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ፤ «ትንሽ ልይና» አይባልም። በብርዱ ወራት የምታዩት ጭስ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ በቁጥጥር የሚለኮስ ነው፤ ያኔም መንገድ ከተዘጋ ተመለሱ።

የጀርሲ ዲያብሎስ የሚሉትስ?

ክንፍ ያለው፣ የፈረስ ፊት ያለው ፍጡር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1735 ከአንዲት የሊድስ ቤተሰብ እናት አሥራ ሦስተኛ ልጅ ሆኖ ተወለደ ይባላል። የሆኪ ቡድናቸውንም በስሙ ጠርተውታል። እስካሁን ጎማ የበሳበት ሰው አላውቅም።

ከዲሲና ከሲልቨር ስፕሪንግ መምጣት ያዋጣል?

ለአንድ ቀን ይከብዳል፤ በመኪና ለአንድ ጉዞ ሦስት ሰዓት ያዙለት፣ ትራፊክ ካለ ይበልጣል። ቅዳሜ መጥታችሁ ፊላደልፊያ እደሩ፤ ምዕራብ ፊላደልፊያ ባልቲሞር ጎዳና አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጡም። እሑድ ማለዳ ባትስቶ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይርቅም። በጥቅምት ከሆነ ማደሪያውን አስቀድማችሁ ያዙ።